የአንድ ክልል ኮሌጆች የርቀት ትምህርታቸውን በጋራ እቅድ ለመምራት ከምን ይጀምሩ?

እቅድና ክትትል (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ክልል ትምህርት ቢሮ ሥር ያሉ ዘጠኝ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች የርቀት ትምህርታቸውን በአንድ የጋራ እቅድ እንዲመሩ ረቂቅ እየተዘጋጀ ነው። እስካሁን እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱን ሞጁል ያሳትማል፣ የራሱን ማዕከል ይከፍታል፣ የራሱን ፈተና ያወጣል። ስለዚህ አንድ ወረዳ ከተማ ላይ የሦስት ኮሌጅ ማዕከል ተደርቦ ይገኛል፤ ከዚያ ርቆ ያለው ወረዳ ደግሞ አንድም የለውም። የአንድ ኮርስ ሞጁልም በየኮሌጁ በየፊናው ተጽፏል።

ለመጀመሪያው ዓመት የታሰበው 4,000 ተማሪ ነው፤ በሴሚስተር 6 ኮርስ፣ እያንዳንዱ ባለ 5 ኢሲቲኤስ (የተማሪውን የጥናት ሰዓት የሚቆጥር የክሬዲት መለኪያ)። አብዛኞቹ በሥራ ላይ ያሉ የገጠር መምህራን ናቸው። ረቂቁ ከበጀቱ ግማሽ በላይ የሚሆነውን ለሰርቨር፣ ለቀረጻ ስቱዲዮና ለታብሌት መድቧል፤ ይህ ያሳስበኛል።

ሦስት ነገር ላይ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ። ወደ አንድ ቦታ መሰብሰብ ያለበት ምንድን ነው፣ ለኮሌጆቹስ ምን ይተው? ሕትመትና ኦንላይን እንዴት ይመጣጠኑ? የአንዱ ኮሌጅ ተማሪ በሌላው ኮሌጅ ሲማር ገንዘቡ እንዴት ይከፋፈላል? ሌላ አገር ተሞክሮ የከሸፈ ካለም ከነምክንያቱ ንገሩኝ። ረቂቁ ላይ የሚገባው ቁጥር ስለሆነ መልሳችሁ ቁጥር ቢኖረው ደስ ይለኛል።

ሞጁል አርታኢ

ስጋትዎ ትክክል ነው። የርቀት ትምህርት በብዛት የሚወድቀው ሞጁሉ በጊዜው ሳይደርስ ሲቀርና አሳይመንቱ ታርሞ ሳይመለስ ሲቀር ነው። በጀቱ መጀመሪያ መከተል ያለበት እነዚህን ሁለቱን ነው። እኔ ስለ ሞጁሉ ልናገር።

ባለ 5 ኢሲቲኤስ ኮርስ ከተማሪው ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይፈልጋል፤ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ8 እስከ 9 ሰዓት ነው። ለዚህ የሚመጥን ሞጁል ከነመልመጃውና ከነመልሱ 160 ገጽ አካባቢ ይሆናል። ፊትና ጀርባ ሲታተም 80 ቅጠል ነው። ባለ 80 ግራም ኤ4 ወረቀት አንዱ ቅጠል 5 ግራም ስለሚመዝን ሞጁሉ ከነሽፋኑ 430 ግራም ገደማ ይመጣል። በ6 ኮርስና በ4,000 ተማሪ ሲባዛ 24,000 ቅጂ፣ ከ3,800 ደስታ በላይ ወረቀት፣ ከ100 ኩንታል በላይ ጭነት ነው፤ ይህም በአንድ ሴሚስተር። መጋዘን፣ መኪና፣ ንብረት ክፍልና የርክክብ ሰነድ ይፈልጋል። ረቂቁ ላይ ለሥርጭት የተለየ የበጀት ርዕስ ከሌለ፣ ሞጁሉ ማዕከል የሚደርሰው አስተባባሪው በለመነው መኪና ነው።

ከዚህ የሚከፋው የበጀት ዓመቱ ነው። በጀት ሐምሌ ላይ ይለቀቃል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ይገመገማል፣ ቅሬታ ይሰማል፣ ውል ይፈረማል፣ ከዚያ ይታተማል። ተማሪው ጥቅምት ላይ ተመዝግቦ ሞጁሉን ታኅሣሥ ላይ ያያል፤ የካቲት ላይ ያለው ፈተና ግን ቀኑ አይንቀሳቀስም። መፍትሔው ከማተሚያ ቤት ጋር የማዕቀፍ ስምምነት ባለፈው የበጀት ዓመት ውስጥ መጨረስና በየሴሚስተሩ የማተሚያ ትእዛዝ ብቻ መላክ ነው። ዘጠኙ ኮሌጆች በአንድ ትእዛዝ ሲያሳትሙ የአንዱ ቅጂ ዋጋም በግልጽ ይወርዳል፤ በኦፍሴት ሕትመት የፕሌቱ (የማተሚያ ሰሌዳው) እና የዝግጅቱ ወጪ ለ400 ቅጂም ለ4,000 ቅጂም ያው ነውና።

ዝግጅቱ ከውል እስከ ማተሚያ ቤት ከ6 እስከ 8 ወር ይወስዳል። ለአንድ ሞጁል ጸሐፊ፣ የይዘት ገምጋሚ፣ የርቀት አቀራረብ የሚያውቅ አርታኢና የቋንቋና የገጽ ቅንብር ባለሙያ ያስፈልጋሉ። ገምጋሚው ከሌላ ኮሌጅ ይሁን። ጸሐፊው መጀመሪያ አንድ ምዕራፍ ብቻ ይጻፍ። ያ ምዕራፍ ለ8 ወይም ለ10 ተማሪ ይሰጥና ያለ አስተማሪ ሲያነቡት የት ላይ እንደቆሙ ዳር ዳሩ ላይ ምልክት ያድርጉ። ቀሪው የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ እርምጃ ሲዘለል የክፍል ማስታወሻ ተጠርዞ ይወጣል፤ አስተማሪው በቃሉ የሚሞላው ክፍተት ወረቀቱ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል። መልመጃዎቹ «አብራራ»፣ «ዘርዝር» ብቻ ከሆኑና መጨረሻ ላይ መልስ ከሌላቸው ያ ሞጁል ለርቀት አልተጻፈም ማለት ነው፤ ተማሪው ልክ ይሁን ይሳሳት ማወቂያ የለውም።

ክፍያውን ከፋፍሉት፦ 30 በመቶ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲጸድቅ፣ 40 በመቶ ሙሉ ረቂቁ ሲገባ፣ 30 በመቶ እርማቱ ሲያልቅ። ሙሉውን ረቂቅ ሲገባ ከከፈላችሁ እርማት የሚሠራላችሁ ሰው አታገኙም። የቅጂ መብቱ የማን እንደሆነም ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ላይ መከራከር የሚመጣው ሞጁሉ ለሌሎቹ ስምንት ኮሌጆች ሊባዛ ሲል ነው፤ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ፦ ሞጁል ዝግጅት፣ ሕትመትና ሥርጭት ወደ አንድ ቦታ ይሰብሰቡ። እያንዳንዱ ኮሌጅ አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ይምራ እንጂ ሁሉም ሁሉንም አይጻፍ።

ኔትወርክ ክፍል

ሕትመት ይቅደም በሚለው እስማማለሁ። ኦንላይኑን ግን ጨርሶ መተው አያስፈልግም፤ የትኛው ዓይነት ኦንላይን እንደሆነ መለየት ነው ቁም ነገሩ።

የቀጥታ የቪዲዮ ትምህርት በሰዓት 450 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። በሳምንት ለእያንዳንዱ ኮርስ አንድ ሰዓት ቢሰጥ፣ በ6 ኮርስና በ16 ሳምንት ከ43 ጊጋባይት በላይ ነው። ይህን ከኪሱ የሚገዛ የገጠር መምህር የለም፤ ቢገዛም በሁለተኛ ትውልድ ኔትወርክ አይተላለፍም። 10 ደቂቃ የተቀረጸ ቪዲዮ በዝቅተኛ ጥራት 37 ሜጋባይት አካባቢ ነው። 10 ደቂቃ ድምፅ ብቻ ሲሆን ግን ወደ 2.4 ሜጋባይት ይወርዳል፤ በየሳምንቱ ለ6ቱም ኮርስ አንድ አንድ ቢዘጋጅ የሴሚስተሩ ድምር 230 ሜጋባይት ነው። ስቱዲዮው እንዲህ ሲታይ ሌላ መልክ አለው፤ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሁለት ጥሩ ማይክሮፎንና አንድ የድምፅ አርታኢ አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናል። ቪዲዮ በእጅ የሚሠራ ነገር ለሚታይባቸው ኮርሶች ይቆይ፦ የሳይንስ ሙከራ፣ የመርጃ መሣሪያ አዘገጃጀት፣ የክፍል ውስጥ ማስተማር።

ማዕከሎቹ ላይ ኢንተርኔት ሳይኖር ይዘት ማደል ይቻላል። ራስበሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ከ128 ጊጋባይት ካርድና ከአንድ ትንሽ ራውተር ጋር ሲገጠም ድምፁን፣ ፒዲኤፉንና ቪዲዮውን በዋይፋይ ወደ ተማሪው ስልክ ይልካል። ኃይል የሚፈልገው ጥቂት ዋት ስለሆነ መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ይሠራል። አስተባባሪው በሴሚስተር አንድ ጊዜ ካርዱን ብቻ ይቀይራል። ታብሌት ለ4,000 ሰው ከመግዛት ይልቅ ተማሪው አሁን በእጁ ባለው ስልክ የሚከፈት ይዘት ማዘጋጀት ይሻላል፤ ታብሌት ከተገዛ ጥገና፣ ባትሪና መተኪያ ተከትለው ይመጣሉ፣ እነዚህ ደግሞ ረቂቁ ላይ አይታዩም።

ሰርቨር የግድ ካስፈለገ ሙድል የሚባለው ነጻ የኦንላይን መማሪያ ሶፍትዌር በቂ ነው። በልምድ የሚያዘው ስሌት ለአንድ ጊጋባይት ራም በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ተጠቃሚ ነው። ከ4,000ው 10 በመቶ በአንድ ጊዜ ቢገባ 400 ነው፤ ባለ 32 ጊጋባይት ማሽን መጀመሪያ ላይ ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ኦንላይን ክዊዝ ለሁሉም በአንድ ሰዓት ሲከፈት ነው። በማዕከል በማዕከል ከፋፍሉት፣ ወይም ሦስት ቀን ክፍት ይሁን። ማሽኑን ቢሮ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ከኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ ጋር የተያያዘ ዩኒቨርሲቲ ዳታ ማዕከል ላይ ቦታ ይጠየቅ፣ የዳታቤዙ ቅጂ ደግሞ በየሌሊቱ ሌላ ሕንፃ ይቀመጥ።

አንድ የሚናቅ ግን ብዙ ተማሪ የሚጎዳ ነገር አለ፦ ሰዓት። ሙድል ላይ ማብቂያው 12:00 ከሆነ ግማሹ ተማሪ ማታ 12 ሰዓት ይለዋል፤ ማሽኑ ግን እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። ማብቂያውን ሁልጊዜ 17:00 ላይ አድርጉና ርዕሱ ላይ «ኅዳር 10 ከቀኑ 11 ሰዓት» ብላችሁ በፊደል ጻፉ። በዚያ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ሰው ስላለም የተቸገረ ተማሪ ደውሎ ይረዳል።

ቴሌግራም ለማስታወቂያ ጥሩ ነው። አሳይመንት መቀበያና ውጤት ማሳወቂያ ግን አታድርጉት፤ አስተባባሪው ስልክ ሲቀይር መረጃው አብሮት ይሄዳል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ስቴቶች የሚጠቅማችሁን ልጨምር። እዚህ ኮሌጆችን የሚያስተዳድር የፌዴራል ሚኒስቴር ስለሌለ የርቀት ትምህርት እቅድ በስቴት ደረጃ ነው የሚወጣው፤ ጥያቄያችሁም ከእነሱ ጋር ይቀራረባል። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የከሸፈውን ካሊፎርኒያ ላይ ታገኙታላችሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ካሊፎርኒያ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ» የሚል ነገር በትልቅ ተስፋ ተጀመረ። በተግባር ግን በልዩ ልዩ ተቋማት የሚሰጡ የኦንላይን ኮርሶችን በአንድ ላይ የሚያሳይ ካታሎግ ነበር። ራሱ ዲግሪ አይሰጥም፣ ቋሚ የገቢ ምንጭም አልነበረውም። በ1999 ቆመ። ኮርስ በአንድ ገጽ መዘርዘር ተማሪውን ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው አያሻግረውም፤ የሚያሻግረው የምዝገባ፣ የክሬዲትና የክፍያ ስምምነት ነው።

የሠራው ጆርጂያ ነው። የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት በ2000 «ኢኮር» የሚል ፕሮግራም ጀመረ። የመጀመሪያ ሁለት ዓመት የጋራ ኮርሶች አንድ ጊዜ በጋራ ተዘጋጁ፣ የዌስት ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደሩን ያዘ፣ ተማሪው የሚመዘገበው ግን በራሱ ኮሌጅ ነው፤ ግሬዱም የሚገባው እዚያው ትራንስክሪፕቱ ላይ ነው። ለእናንተ የሚስማማው ቅርጽ ይህ ይመስለኛል። ኮሌጆቹ ተማሪያቸውን ስለማያጡ ለመቃወም ምክንያት የላቸውም።

ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ በማኅበረሰብ ኮሌጆቿ በኩል ተመለሰችበት። የጋራ መማሪያ ሥርዓት በመምረጥ ጀመሩ፤ ካንቫስን ኮሌጆቹ ብዙ ሳይቆዩ ተቀበሉት። ተማሪ በአንዱ ተመዝግቦ በሌላው ኮርስ እንዲወስድ ማድረጉ ግን ዓመታት ወሰደ። ምክንያቱ ሬጅስትራር ላይ ነበር፤ አንዱ ኮሌጅ ባነር፣ ሌላው ኮሊግ፣ ሌላው ፒፕልሶፍት የሚባል የተማሪ መረጃ ሥርዓት ይጠቀማል፣ እያንዳንዱም ለየብቻ መያያዝ ነበረበት። እናንተ ገና ከመነሻችሁ ዘጠኙም ኮሌጆች አንድ የተማሪ መዝገብ እንዲይዙ ካደረጋችሁ ከዚህ ትድናላችሁ። ከሰርቨሩና ከስቱዲዮው በፊት ገንዘብ የሚገባው ይህ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ኮሌጆች «ሜሪላንድ ኦንላይን» በሚል ኅብረት የኦንላይን ክፍል ወንበር ይጋራሉ፤ አንዱ ኮሌጅ ጥቂት ተማሪ ብቻ ላለው ኮርስ ክፍል ከመክፈት ሌላው በከፈተው ላይ ቦታ ይይዝላቸዋል። «ኳሊቲ ማተርስ» የሚባለው የኦንላይን ኮርስ መመዘኛም በ2003 በፌዴራል እርዳታ ከዚሁ ኅብረት የወጣ ነው። 8 አጠቃላይ መስፈርቶች አሉት፣ ከዳኞቹም ቢያንስ አንዱ ከሌላ ተቋም የሚመጣ ነው። በዋናነት የሚያዩት የኮርሱ ዓላማ፣ ምዘናውና መልመጃው አንድ ነገር መናገራቸውን ነው። ይህን ለታተመ ሞጁልም መጠቀም ትችላላችሁ።

ክልል ለሚሻገር ተማሪም አስቡ። እዚህ ተቋሙ በአንድ ስቴት፣ ተማሪው በሌላ ሲሆን የማን ፈቃድ ይሠራል የሚለው ትልቅ ጣጣ ስለነበር ስቴቶች «ሳራ» የሚባል የእርስ በርስ ዕውቅና ስምምነት አደረጉ፤ ከካሊፎርኒያ በቀር ሁሉም ገብተውበታል። እናንተ ጋ ድንበር ላይ ያለ ወረዳ ተማሪ ከጎረቤት ክልል ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚህ አንድ አንቀጽ ይኑራችሁ።

ስለ ገንዘቡ፦ ክፍፍሉ በመቶኛ ይወሰን፣ ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት ይፈረም። ለመነሻ 55 በመቶ ለሚያስተምረውና ለሚያርመው፣ 25 በመቶ ተማሪውን ለመዘገበውና ማዕከሉን ለሚያስተዳድረው፣ 20 በመቶ ለጋራ ሞጁልና ለመዝገብ ብላችሁ ሞክሩት፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በእውነተኛው ወጪ አስተካክሉት። ወሳኙ ተማሪው የሚቆጠርበት ቀን ነው። በምዝገባ ቀን ከተቆጠረ ሁሉም ለመመዝገብ ይሮጣል፣ ለማቆየት የሚደክም አይኖርም። የመጀመሪያውን አሳይመንት ባስገባ ተማሪ ልክ ከከፈላችሁ ግን አስተባባሪው ራሱ እየደወለ ተማሪውን ይፈልገዋል።

እቅድና ክትትል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የተማሪ መዝገቡ ከሰርቨሩ በፊት የሚለውን ረቂቁ ላይ አስገባለሁ። የቀረኝ ፈተናና እርማት ነው። ኮሌጆቹ ፈተና ለእኛ ይተው እያሉ ነው፤ የሬጅስትራር ሰው ካለ ቢረዳኝ።

ሬጅስትራርና ፈተና

ወደ ፈተናው ከመሄዴ በፊት ረቂቁ ላይ አንድ ከባድ ስሕተት አለ። ሞጁል አርታኢ አንድ ኮርስ በሳምንት ከ8 እስከ 9 ሰዓት ይፈልጋል ብለዋል። በ6 ኮርስ ሲባዛ ከ48 እስከ 54 ሰዓት ነው። ይህ የመደበኛ ተማሪ ሙሉ ጊዜ ነው። ቀን ቀን የሚያስተምር፣ ማታ ደብተር የሚያርም መምህር ይህን ሰዓት ከየት ያመጣል? ያቋርጣል፣ ወይም አሳይመንቱን ገንዘብ ከፍሎ ያሠራል። ሁለቱም በየቦታው የሚታዩ ናቸው፣ ሰበቡም ተማሪው ላይ ይለጠፋል።

በሴሚስተር 3 ኮርስ አድርጉት፤ ክረምት ላይ በኮሌጅ ግቢ 2 ኮርስ ይጨመር። በዓመት 8 ይሆናል። 36 ኮርስ ያለው ፕሮግራም አራት ዓመት ተኩል ይወስዳል፣ ይህም ለተማሪው ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይነገረው። ከላይ የተሠሩት የወረቀትና የዳታ ስሌቶችም ከዚሁ ጋር በግማሽ ይወርዳሉ።

አሁን እርማቱ። 4,000 ተማሪ፣ 3 ኮርስ፣ ለእያንዳንዱ 2 አሳይመንት 24,000 ወረቀት ነው። አንዱን በሥርዓት ለማረም 20 ደቂቃ ቢፈጅ 8,000 ሰዓት ይሆናል። አንድ ቱተር በሳምንት 10 ሰዓት ለ12 ሳምንት ቢያርም 67 ቱተር ያስፈልጋል። የገጽ ለገጽ ትምህርቱን ከዚህ ጋር አስተያዩት፤ በ40 ተማሪ አንድ ቡድን ቢሆን 100 ቡድን፣ በ3 ኮርስ፣ በሴሚስተር ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ሰዓት ሲሰጥ 1,800 ሰዓት ነው። እርማቱ ከአራት እጥፍ በላይ ነው፤ ነገር ግን በጀት የሚያዘው ለገጽ ለገጹ ብቻ ነው። ስለዚህ አሳይመንቱ ከፈተናው በኋላ ይመለሳል፣ ወይም ቁጥር ብቻ ተጽፎበት ካርቶን ውስጥ ይቀራል። ክፍያው በታረመ ወረቀት ልክ ይሁን፣ በ21 ቀን ውስጥ ያልተመለሰ አይከፈልበት፣ አስተባባሪው ከ10 አንዱን አውጥቶ ቱተሩ አስተያየት መጻፉን ይመልከት።

ፈተና ግን ለኮሌጆች አይተው። ሞጁሉ አንድ ከሆነ ፈተናውም አንድ መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ የአንዱ ኮሌጅ ኤ ከሌላው ቢ ጋር አይነጻጸርም። ጥያቄ ባንኩ በጋራ ይያዝ፣ ለእያንዳንዱ ፈተና ሁለት የተለያዩ ቅጾች ይዘጋጁ፣ ሁሉም ማዕከል በአንድ ሰዓት ይጀምር። ፖስታው በኮርስ ሳይሆን በክፍል ይታሸግ፤ በኮርስ ሲታሸግ ማዕከሉ ላይ ተከፍቶ መከፋፈሉ ግድ ነው፣ ፈተና ሾልኮ የሚወጣውም በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ከ25 እስከ 30 ሰው፣ ፈታኙ ከሌላ ወረዳ፣ ፖስታው ሲከፈት የሁለት ተማሪ ፊርማ። የመልስ ወረቀቱ ላይ ስም ያለበት ክፍል ተቀዶ በኮድ ይተካ፣ እርማቱም በአንድ ቦታ ይሁን። 12,000 የመልስ ወረቀት በ20 ደቂቃ 4,000 ሰዓት ነው፤ 40 አራሚ ለ13 ቀን ያህል።

መዝገቡን በተመለከተ፣ የተማሪው ቁጥር ከየትኛውም ኮሌጅ ጋር ያልተያያዘ አንድ የክልል ቁጥር ይሁን፣ የፋይዳ ቁጥሩም አብሮ ይያዝ። በስም መፈለግ አያዋጣም። ኃይለ ሥላሴ አንድ ቦታ በኃ እና በሥ፣ ሌላ ቦታ ተገጣጥሞ በሀ እና በስ ይገባል፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው፣ ግሬዱም ለሁለት ይከፈላል። ኤንጂ (ያልተሞላ ውጤት) ይዞ የሚመረቅበትን ቀን ሲጠብቅ የሚኖር ተማሪ በአብዛኛው የዚህ ሰለባ ነው።

ፈቃዱንም አትርሱ። ለመደበኛው የተፈቀደ ፕሮግራም ለርቀቱም ተፈቅዷል ብላችሁ አትጀምሩ፤ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በጽሑፍ አስወስኑ። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የርቀት ትምህርት በድንገት ታግዶ በኋላ በገደብ መፈቀዱን የሚያስታውስ ሰው ይህን አይዘልም። ፕሮግራሙ በዲግሪ ደረጃ ከሆነ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፣ የርቀት ተማሪም ይቀመጣል። ስለዚህ ሞጁሎቹ ከመታተማቸው በፊት ከመውጫ ፈተናው የብቃት ዝርዝር ጋር መመሳከር አለባቸው።

ሞጁል አርታኢ

ሬጅስትራር ስለ ጫናው ያሉት እውነት ነው፤ እኔም በሳምንት ያለውን ሰዓት ጽፌ አላባዛሁትም። ወደ 3 ኮርስ መውረዱ ሌላም ጥቅም አለው፣ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ሦስት ሞጁል ብቻ በጥራት ማድረስ ይቻላል።

የቀን አቆጣጠሩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የገጽ ለገጽ ቀን ሲመረጥ የወረዳው የገበያ ቀን ይታይ። ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ መኪና እንደ ልብ የሚገኘው በገበያ ቀን ነው፣ በሌላው ቀን ተማሪው በእግሩ ነው የሚመጣው። ገበያው በሥራ ቀን ከዋለ ከርእሰ መምህሩ ጋር አስቀድሞ በደብዳቤ መነጋገር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ ስለሚሰበሰብ ፈተና አታስገቡበት። የክረምቱን ኮርስ ደግሞ ሐምሌ መግቢያ ላይ ጀምሩት፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሲበላሽ ከሩቅ ወረዳ የሚመጣው ይቀራል። ክረምቱ ለሳይንስ ኮርሶች ይሰጥ፣ ላቦራቶሪው ያለው ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ብቻ ነውና።

ልዩ ፍላጎት

እስካሁን ያልተነሳ ነገር አለ። ከተማሪዎቻችሁ መካከል ማየት የተሳናቸው መምህራን ይኖራሉ፤ በአገራችን ብዙ ዓይነ ስውራን የተሠማሩበት ሙያ ማስተማር ነው። ኔትወርክ ክፍል ያሉት ድምፅ ይረዳቸዋል፣ ግን ማብራሪያ ብቻ ስለሆነ ሞጁሉን አይተካም። የሚያስፈልጋቸው በኮምፒውተር የሚነበብ የሞጁሉ ጽሑፍ ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለው ነጻ የስክሪን ማንበቢያ ኢስፒክ በሚባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል።

የሚያሰናክለው ፊደሉ ነው። ጸሐፊዎች ሞጁሉን በአሮጌ የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር ከጻፉት፣ ሲታተም የሚያምረው ገጽ ለማንበቢያው ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ነው፤ ስልክ ላይም በትክክል አይታይም፣ ቃል መፈለግም አይቻልም። ስካን ተደርጎ ፒዲኤፍ የሆነውንም ማንበቢያው አያነበውም። ስለዚህ ከጸሐፊው ጋር የሚፈረመው ውል ላይ ሦስት መስመር ይጨመር፦ ጽሑፉ በዩኒኮድ (በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ በሚነበበው የፊደል አጻጻፍ) እንዲሆን፣ ምዕራፍና ንዑስ ርዕስ በሶፍትዌሩ የርዕስ ቅርጽ እንዲሠሩ፣ ለእያንዳንዱ ሥዕልና ሠንጠረዥ ከሥሩ ምን እንደሚያሳይ በሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲጻፍ። ረቂቁ ሲገባ ተቀባዩ ፋይሉን በኤንቪዲኤ ከፍቶ አንድ ገጽ ያዳምጥ፤ ካልተነበበ 40 በመቶው ክፍያ አይለቀቅ። ለፈተናም አንባቢ ረዳት፣ የተለየ ክፍልና ተጨማሪ ጊዜ ከምዝገባው ቅጽ ጀምሮ ይጠየቅ፤ የፈተናው ዕለት ጠዋት የሚፈለግ አንባቢ አይገኝም።